ፀሐይና ጸጋ

ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ወደ መሥሪያ ቤቱ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የሚቀርብለት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምን ይዘህ መጣህ?» ይባላል። ሐኪሙ መድኃኒቱን፣ መሐንዲሱ ስሌቱን፣ የእርሻ ባለሙያው ዘሩን ሊያሳይ ይችላል። የመገናኛ ብዙኃንንና የቱሪዝምን ትምህርት አጥንቶ የመጣው ግን የሚጨበጥ ነገር የለውም። ይዞት የመጣው ዓይን ነው። የማን ዓይን እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

በአገራችን ሥር የሰደደ አንድ አስተሳሰብ አለ። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ቱሪዝምና መገናኛ ብዙኃን የእጅ ሙያ ብቻ ናቸው፤ ካሜራው እንዴት እንደሚያዝ፣ ማስታወቂያው እንዴት እንደሚቀመር፣ እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ ተመልሶ እስኪሳፈር ድረስ እንዴት እንደሚስተናገድ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ሥራው አለቀ። ስለዚህም ወጣቶች ወደ ውጭ ይላካሉ፤ ሲመለሱም የአገርን «ገጽታ» እንዲገነቡ ይታዘዛሉ። ቃሉ ራሱ ምንጩን ይናገራል። ገጽ ለሌላ ሰው የሚታይ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ያለ መስተዋት አያየውም። መስተዋቱን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሰቀለው፣ መብራቱንም ማን እንደሚያበራው ሳይጠየቅ ስለ ገጽታ መሰብሰብ፣ መወያየትና በጀት መመደብ ምን ያህል ከንቱ ድካም መሆኑን ለማየት የአንድ ተማሪን ጉዳይ መከተል ይበቃል።

ተማሪው ወደ ለንደን የሄደው በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ስሙም ሆነ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ለተነሣው ጉዳይ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ከላስታ የመጡ፣ ከመሄዱ በፊት በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ክፍል ሦስት ዓመት ያገለገለ ወጣት ነው። የገባበት ትምህርት መገናኛ ብዙኃንንና ቱሪዝምን አጣምሮ የያዘ ነበር። በመጀመሪያው ወር አስተማሪዋ ሁለት ነገሮችን በግድግዳው ላይ አሳዩ፤ አንደኛው አሮጌ የኢትዮጵያ የቱሪስት ፖስተር ነው፤ ሁለተኛው በ1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላለፈው የረሀብ ፊልም ቅንጣቢ ነው። የመጀመሪያው ማስታወቂያ፣ ሁለተኛው ዜና ነው ተባለ። ከዚያም አስተማሪዋ ወደ ተማሪው ዞረው፣ በፖስተሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው መፈክር በአገሩ ቋንቋ ምን እንደሚባል ጠየቁት።

መፈክሩ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚል ነው። ተማሪው መልስ ለመስጠት አፉን ከፍቶ ቆመ። በአማርኛ እንዲህ ሲባል ሰምቶ አያውቅም። በአማርኛ የሚባለው «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሁለቱንም ሲሰማ ኖሮ አንድ ናቸው ብሎ ያምን የነበረ ሰው፣ በባዕድ አገር፣ የክፍል ጓደኞቹ እያዩት፣ ሁለት መሆናቸውን አወቀ። በዚያ ዕለት ማታ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጻፈው እነዚህኑ ሁለት ቃላት ብቻ ነበር፤ ፀሐይ፣ ጸጋ።

ይህን የቃላት ጨዋታ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ነው። መፈክሩን ያፈለቁት፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የተባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ራሳቸው በአሜሪካ የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1950ዎቹ ሥራውን ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው ገንዘብም ሆነ መንገድ ጥቂት ነበር። አሥራ ሦስተኛውን ወር ከገበሬው ባሕረ ሐሳብ አንሥተው ለዓለም መናገራቸው ብልኅነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ መስክ የተፈጠረ ነገር ሁሉ ያንን አላህልም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ቃሉ የተነገረው ዝናብ ለሰለቸው ሰው ነው። የለንደን፣ የሃምቡርግ ወይም የስቶክሆልም ሰው ፀሐይን ይገዛል፤ የደብረ ታቦር ሰው ግን በነሐሴ ወር ፀሐይ ወጣች ቢባል እያየ አያምንም። ጳጉሜንም ቢሆን የክረምቱ ጅራት ናት። በጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው የሚዘሉት በዝናብ ውስጥ ነው፤ የዚያ ቀን ጠብታ ጠበል ነው ተብሎ ይታመናልና። በቱሪስቱ ፖስተር ላይ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ስትቆጠር ልጆቹ የሚጠመቁበት ዝናብ ተሰርዟል። አማርኛው ግን ፀሐይ የሚለውን ቃል ሳይቀበል ቀረ። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ የወጣበት ዓመት ለአራሹ ምን ማለት እንደሆነ ቋንቋው ያውቃል። ጸጋ ዝናቡንም ፀሐዩንም ይይዛል።

እንዲህ ያለ ዓመት ደግሞ በእርግጥ መጥቷል። ፖስተሩ በአውሮፓ የጉዞ ወኪሎች ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም.፣ የወሎ ገበሬ ፀሐዩን ከነሙሉ ወሩ አግኝቶ ነበር። ዝናብ ጠፋ፤ ግብሩና እርቦው ግን አልጠፋም፤ ሕዝቡ በመንገድ ዳር ወደቀ፤ የአገሩ ጋዜጣና ሬዲዮም ዝም አለ። ነገሩን ለዓለም የገለጠው በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ለአገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበው ፊልም ነው። ከዚያ የሆነው ለማንኛውም የመገናኛ ብዙኃን ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ሲታይ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎና ተሰባጥሮ ነበር፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የተራቡት ሰዎች ፊት አንድ ነው፤ አልተለወጠም። ለንደን ላይ የተመልካቹን ኪስ ከፈተ፤ አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ለመገልበጥ ዋለ። ሥዕሉን የሚያናግረው ከጐኑ የሚቀመጠው ሥዕል ነው፤ ከጐኑ ምን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ደግሞ መቀሱን የያዘው ሰው ነው። ወሎዬው በሁለቱም ጊዜ መቀሱን አልያዘም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ነገሩ ተደገመ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና የናይሮቢው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ያዘጋጁት ዘገባ ከኮረም ተላለፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው፣ እነዚህ ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ርእስ ያለው ዘፈን አወጡ። ክርስትናን በአራተኛው መቶ ዓመት የተቀበለ አገር ነው እንዲህ የተጠየቀው፤ ገናን የማያከብሩት ሙስሊሞችም በዚያው ሜዳ ላይ አብረው ይራቡ እንደነበር የጠየቀ የለም። ከገንዘቡ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። የአሚን ካሜራ ባይደርስ ኖሮ ስንቱ ያልቅ እንደነበር ኮረምን ያየ ያውቃል። ይልቁንም ሐፍረቱ በአገር ቤት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ስታከብር የረሀቡ ወሬ እንዳይሰማ ተደርጓል። የራሱን ሕመም ለራሱ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ያልተናገረ አገር፣ ሌላው መጥቶ ሲናገርለት «ገጽታዬን አበላሸ» ብሎ ለመክሰስ አፍ የለውም።

ተማሪው ግን በክፍሉ ውስጥ ሌላ ነገር አስተዋለ። በሚያየው ቅንጣቢ ውስጥ የሚሰማው የጋዜጠኛው ድምፅ ነው፤ በሜዳው ላይ ከተቀመጡት ሰዎች አንድም ስሙ አልተነገረም። ወደ ፖስተሩ ዞሮ ተመለከተ። በዚያም ላይ ያለችው መልከ መልካም ልጃገረድ ስም የላትም፤ አትናገርም። አንዱ ሥዕል ተመልካቹን ና ይለዋል፤ ሌላው ስጥ ይለዋል። በሁለቱም ውስጥ የሚመጣውም፣ የሚሰጠውም፣ የሚናገረውም ከሥዕሉ ውጪ ያለው ሰው ነው። የውብ ሥዕልና የአስቀያሚ ሥዕል ክርክር፣ አገር ቤት ቀን ከሌት የሚደረገው ክርክር፣ በዚህ ቦታ ላይ ዋጋውን ያጣል። ረሀቡን በቡና ሥነ ሥርዓት፣ አቧራውን በእስክስታ መተካት ሥዕሉን ይለውጠዋል፤ ተመልካቹን ግን አይለውጠውም።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በአየርላንዳዊው ሾን ማክብራይድ የሚመራው የዩኔስኮ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 «ብዙ ድምፆች፣ አንድ ዓለም» በሚል ርእስ ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ዜና ከሀብታሙ ዓለም ወደ ድኻው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚፈስ በግልጽ አስቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ አሜሪካ፣ በዓመቱም እንግሊዝ ከዩኔስኮ ሲወጡ ይህ ክርክር ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በተማሪው ክፍል ውስጥ ሪፖርቱ የግማሽ ሰዓት ታሪክ ሆኖ አለፈ። የመዳረሻን ስም ስለ መሸጥ ግን አንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት ተመድቦለታል። ከዚህ በላይ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ መናገር አያስፈልግም።

የቱሪዝሙ ክፍል የተጀመረው ከቶማስ ኩክ ነው። ይህ የእንግሊዝ ሰው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1841 አምስት መቶ ያህል የመጠጥ ተቃዋሚዎችን በአንድ ሺሊንግ ሒሳብ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ፤ ዘመናዊው የጉብኝት ንግድ ከዚያ ይቆጠራል። ተማሪው ይህን ሁሉ በትጋት ጽፏል። ነገር ግን ለእርሱ አገር የጉብኝቱ ታሪክ በሌላ ቦታ እንደሚጀምር የተረዳው በሚያዝያ ወር 2010 ዓ.ም. የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ዘመቻ 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ያቀረበውን ትርኢት ለማየት በሄደ ጊዜ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ጋዜጠኞችም፣ ፎቶግራፍ አንሺዎችም፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛም ነበሩ። ለኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ የዘመተው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በስዊዝ ያለውን የቴሌግራፍ ሠራተኛ አስቀድሞ ገንዘብ አስይዞ ስለነበር ወሬው ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክት ቀድሞ ደረሰ። የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ደግሞ ከዘረፋው በጨረታ ገዛ። ንብረቱን ለማጓጓዝ አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። እንግዲህ ዜናው፣ ፎቶግራፉና ሙዚየሙ በአንድ ዘመቻ፣ በአንድ ጭነት፣ ከአንድ አምባ ወርደዋል። ተማሪው ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ተጣምረው የተሰጡት መስሎት ነበር፤ ከመነሻቸው አንድ እንደነበሩ ያወቀው በብርጭቆው ሳጥን ውስጥ ያለውን የወርቅ ዘውድ ሲያይ ነው። ዘውዱን ለማየት እርሱ ቪዛ ጠይቆ፣ የባንክ ሒሳቡን አሳይቶ፣ ባሕር ተሻግሯል። የመቅደላ ገበሬ ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም።

በዚያው ትርኢት ላይ የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ ነበር። ስለ ውጭ አገር ትምህርት የሚከራከር ሰው ሁሉ ይህን ልጅ ማስታወስ አለበት። በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፣ በደረሰበት ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት ፎቶ አነሣችው፤ በቸልተንሃም፣ በራግቢና በሳንድኸርስት አስተማሩት፤ በ1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። በእንግሊዝ አገር ከተማሩ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ እርሱ ነው፤ የተማረውን ይዞ ለመመለስ ግን አልታደለም። አስከሬኑ ዊንድዘር ነው፤ ይመለስ ተብሎ የቀረበው ጥያቄም እ.ኤ.አ. በ2023 ከቤተ መንግሥቱ እምቢታ ገጥሞታል። በፎቶግራፉ ላይ ዓይኑ ወደ ተመልካቹ አይመለከትም። ተማሪው በፊቱ ቆሞ የነበረበትን ጊዜ አልለካም፤ ጠባቂው ሰዓቱ መድረሱን ነገረው።

ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ አሥራ አንድ ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ ለክብራቸው ሲባል ከካህናት በስተቀር ማንም እንዳይገባባቸው ተደርገው ተቀምጠዋል። ሙዚየም ማለት ማሳያ ነው፤ የማይታይ ነገር በማሳያ ቤት ምን ይሠራል? ክብሩን የሚያውቅ ከሆነ ባለቤቱን እንዴት ይክዳል? ተማሪው ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ባነሣ ጊዜ ስለ ሙዚየም ሕግ፣ ስለ አደራ ጠባቂዎች ቦርድ ሥልጣን ተብራራለት። መልሱ የተሟላ ነበር፤ ጥያቄው ብቻ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ወር የአፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከሌላ ሙዚየም ወደ አገሩ ሲመለስ ተማሪው ገና ለንደን ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጀምር ያጋጠመው ችግር ከዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎት ነበር፤ ከሁሉም በልጦ ተገኘ። በአማርኛ ማሰብ አቃተው። መዳረሻ፣ ምርት፣ ገበያ፣ መለያ፤ ቃላቱ ሁሉ ተተርጕመው አሉ፤ ሲገጣጠሙ ግን የማንም ሰው አነጋገር አይመስሉም። አባቱ በስልክ ምን እንደሚማር ሲጠይቁት «እንግዳ አቀባበል» ብሎ መለሰ። አባቱም «ይኼንንማ እናትህም ታስተምርህ ነበር» አሉት። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ቀልዱ ሥር አለው። በላስታ መንገድ የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል ማንነቱ ሳይጠየቅ እግሩ ይታጠባል፤ መደብ ይለቀቅለታል። ጐበኘ የሚለው ግሥም በአማርኛ የታመመን፣ የታሰረን፣ የራቀ ዘመድን ለሚጠይቅ ሰው የሚነገር ነው፤ ጠያቂው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ደኅንነትን ሳይጠይቅም አይመለስም። እንግዳ ስሙን ይናገራል፤ የባለቤቱን ስም ይጠይቃል። ከፍሎ አይቶ የሚሄደውን ሰው በእነዚህ ቃላት መጥራት ከተጀመረ ወዲህ ቃላቱ ቀስ በቀስ እየተሸጡ መሆናቸውን ልብ ያለው አስተማሪ የለም። የሆቴልና የቱሪዝም ትምህርት በአማርኛ ቃል እየተጠራ በአማርኛ ሐሳብ የማይሰጥበት ምክንያት በየማሠልጠኛው ሊመረመር ይገባል።

ተማሪው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ተመለሰ። የተመደበበት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ የሰጠው ሥራ የላሊበላ ማስተዋወቂያ ፊልም ነው። ላሊበላ ከሰሜን ተራሮች ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ነው። በእነዚያ ዐለቶች ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩትና በ2000 ዓ.ም. የተጠናቀቁት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ቆመዋል። ከዝናብ ይጠብቃሉ ተብለው የመጡት መጠለያዎች ራሳቸው በክብደታቸው ሥጋት ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ይነሡልን ብሎ በአደባባይ ተሰልፏል። የማስተዋወቂያ ሥዕሎች ግን ይህን አያሳዩም። በፖስተርም፣ በመጽሔት ሽፋንም፣ በአውሮፕላን ማረፊያም ሁልጊዜ የሚታየው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ይሁን እንጂ መጠለያ የሌለበት መሆኑም ለሥዕል ሠሪው የተመቸ ነው። ተማሪው ያቀረበው ዕቅድ ከቤተ መድኃኔ ዓለም መጠለያ ሥር ተነሥቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ያገለገለ አንድ ካህን ስለ ስንጥቁና ስለ ጠብታው እንዲናገር፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩና ወደ ሌላ ሥፍራ የተዛወሩ ቤተሰቦችም ቃላቸውን እንዲሰጡ የሚል ነበር። ዕቅዱ «ለቱሪስት የማይስብ» ተብሎ ተመለሰ። በምትኩ ድሮን እንዲያነሣ ተነገረው። ከሰማይ ሲታይ ሰው ትንሽ ነው፤ ድምፁም አይሰማም።

በደቡብ ኦሞ ነገሩ ይበልጥ ዕራቁቱን ወጥቷል። ሙርሲዎችን ለማየት የሚሄደው ጐብኚ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ይከፍላል። ክፍያው በራስ ስለሆነ ሰዎቹ ካሜራውን ለመሳብ ከልማዳቸው በላይ ይቀባሉ፤ በዕለት ተዕለት ኑሯቸው የማያደርጉትን ቀንድና ቅርንጫፍ በራሳቸው ላይ ይጭናሉ። ጐብኚው ያልተነካ ባህል አየሁ ብሎ ይመለሳል፤ ያየው ግን የራሱን ፍላጎት ነው፤ በሰው አካል ላይ ተሥሎ ተሽጦለታል። በሰውዬው ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ከእርሱ ቀድሞ ይህንኑ ሥዕል ሠርቶ የላከለት ማን ነው? ባሕር ማዶ የተማረው ባለሙያ ነው፤ በየኤምባሲው የተሰቀለው ፖስተር ነው፤ ይህንንም ሥራ «ባህልን ማስተዋወቅ» ብሎ የሚሸልም መሥሪያ ቤት ነው። የሙርሲው ንግድ ከዚህ ይልቅ ሐቀኛ ነው፤ ለመታየቱ ዋጋ ይጠይቃል፤ ያውም ከፊቱ ቆሞ።

እንዲህ ከሆነ ወጣቶችን ወደ ውጭ መላክ ይቅር የሚሉ አሉ። የእነዚህ ሰዎች ቁጣ እውነት አለው፤ መደምደሚያው ግን የፈሪ ነው። አፈወርቅ ተክሌ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ሥዕል ተምረው ተመለሱ፤ ሲመለሱ ደግሞ ወደ ሹመት ከመሮጥ ይልቅ አገራቸውን ዞረው አዩ፤ የአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕል ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ ሲኒማ ሲማሩ ቆይተው በ1966 ዓ.ም. መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም በገበሬው መንደር፣ በገበሬው አንደበትና በገበሬው የጊዜ አረማመድ ቀረጹ። ለካሜራው የተዋበ ፀሐይ በዚያ ፊልም ውስጥ የለም። ሁለቱም የውጭ ትምህርት አልጐዳቸውም፤ ምክንያቱም የተማሩትን ይዘው መጀመሪያ የሄዱት ወደሚያዩት ሰው እንጂ ወደሚገዛው ሰው አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» ባሉት መጽሐፋቸው ውስጥ ከፓሪስ ተምሮ የተመለሰውን አወቀን ከቤተሰቡና ከመንደሩ ጋር ያፋጠጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አወቀ የሚከራከረው ከዘመዶቹ ጋር ነው፤ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ተዝካሩ። የዛሬው ተመራቂ ከዘመዶቹ ጋር እንዲከራከር አይጠየቅም። ዘመዶቹን አሰልፎ እንዲያሳይ ነው የሚጠየቀው።

ተማሪው ሁለተኛ ዕቅድ ጻፈ። ይኸኛው አጭር ነው፤ ከጳጉሜን 1 ቀን ጀምሮ በአባቱ አገር በላስታ፣ አሥራ ሦስተኛዋን ወር ከነዝናቧ ለመቅረጽ፤ የሩፋኤል ዕለት ልጆቹን፣ በማሳው ዳር ቆሞ ሰማዩን የሚያነበውን አራሽ፣ ጓዳዋ በወሩ መጨረሻ ምን እንደቀረው የምትናገረውን ባልቴት። የፊልሙን ርእስ «ጸጋ» ብሎታል። መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ፈቀደ። መኪና፣ ነዳጅና አንድ የካሜራ ሰው ለአምስቱ ቀናት ታዘዘለት። ከትእዛዙ ደብዳቤ ግርጌ፣ ከማኅተሙ በላይ፣ በእጅ የተጨመረች አንዲት መሥመር ነበረች፤ ዝናብ ከዘነበ ቀረጻው እንዲቋረጥ ትላለች።